የልኳንዳው ሰውዬ እጅ፦ አንድ የኪንታሮት ጉዳይ ከደሴ

ይህን የምጽፈው ባለጉዳዩ ፈቅዶልኝ ነው። ስሙንና ሰፈሩን እንተወው፤ የቀረውን ጻፈው ብሎኛል። ደሴ ውስጥ በክርስቲያን ሥጋ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነው፣ አርባዎቹን የጀመረ ሰው። እኔ ደግሞ ከሥጋ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ፋርማሲ እሰራለሁ። የምናወራው ስለ እጅ ኪንታሮት ነው፤ የመቀመጫውን ፈልጋችሁ የመጣችሁ ካላችሁ እዚህ የለም።

ኪንታሮት የሚገድል ነገር አይደለም። ሰው የሚጫወትበትም ለዚህ ይመስለኛል። የዚህ ሰውዬ እጅ ላይ ያየሁት ጠባሳ አንዱም ኪንታሮቱ ያመጣው አይደለም፣ ሁሉም የመድኃኒት ተብዬው ሥራ ነው።

መጀመሪያ አንዲት ነበረች። ግራ እጁ ሌባ ጣት ላይ፣ በጎን በኩል፣ ምስር የምታክል ሻካራ ነገር። ሥጋ ቆራጭ ቢላዋውን በቀኝ ይዞ ሥጋውን የሚጨብጠው በግራ ነው፣ አጥንት የሚወጋው፣ ቢላዋ ሲያመልጥ የሚቆረጠው፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ የሚሆነውም ይሄው እጅ ነው። ዓመት ሳይሞላ ጣቶቹ ላይ ተዘራች፤ አውራ ጣቱ ጥፍር ዙሪያ ሳይቀር። እናቱ «ልጅ ሆነህ ኮከብ አትቁጠር ብዬህ ነበር» አሉት። ቀልዳቸውን አይደለም። እኛም ልጆች ሳለን ስንት ማታ ወደ ሰማይ ጣታችንን ስንቀስር እጃችንን ተመትተናል።

እሱን የነካው ግን የእናቱ ነገር ሳይሆን የደንበኛ ዓይን ነው። ሰው ቁርጥ ሊበላ መጥቶ የቆራጩን ጣት ሲያይ ምን ይሰማዋል? አንዱ የቆየ ደንበኛው «እስቲ ያኛው ልጅ ይቁረጥልኝ» ሲለው ማታ ቤቱ ገብቶ ራት እንዳልበላ ባለቤቱ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒት ፍለጋው የተጀመረው።

የመጀመሪያው የፈረስ ጭራ ነው። አንዷን አንገቷ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩለትና ጠቁራ ወደቀች። ይሄ እንግዲህ ውሸት አይደለም። ቀጠን ያለ አንገት ያላት ኪንታሮት ስትታሰር ደሟ ይቋረጥና ትወድቃለች። ነገር ግን ኪንታሮቱን የሚያመጣው ቫይረስ ዙሪያው ካለው ቆዳ አልወጣም፣ ጠፍጣፋዎቹን ደግሞ ምኑን ያስሯቸዋል? እሱ ግን አንዷ ስትወድቅ አይቶ ልቡ ሞላ። ቀጥሎ የቅንጭብ ወተት ቀባ። ቆዳው ተላጠ፣ ኪንታሮቱ ቀረ። ቅንጭብ የነካ እጅ ዓይን ቢነካ ለማየት እስከመቸገር ስለሚያደርስ፣ ዓይኑ መትረፉ ለኔ ትልቁ ነገር ነው። ከዚያ ያው የእጁ ሙያ ስለሆነ በራሱ ቢላዋ ላጣቸው። ደሙን በጨርቅ አፈነና ሥራውን ቀጠለ።

ይሄ መላጨት ነው ነገሩን ያበዛው። ኪንታሮት ላይ ያለፈ ስለት ቫይረሱን ይዞ ጤነኛው ቆዳ ላይ ይጽፈዋል። ኋላ ላይ እጁን ሳየው ቢላዋው ባለፈበት መስመር ላይ ትናንሽ አዳዲስ ኪንታሮቶች ተሰልፈው ቆመዋል፣ ያ ሁሉ ቀጥ ባለ መስመር። ፊታቸውን በምላጭ የሚላጩ ሰዎችም ጺማቸው አካባቢ እንዲህ ነው የሚበዛባቸው።

የመጨረሻው የባትሪ አሲድ ነበር። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ አይሱዙ የሚነዳ ወዳጁ «እኔ በዚህ ነው የገላገልኩት» ብሎ በክብሪት እንጨት ጠብ አደረገለት። የመሃል ጣቱ ቆዳ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ መግል ያዘ። እኔ ዘንድ የመጣው ያኔ ነው፣ ጥር ላይ።

«ዶክተር፣ የቁስል ቅባት ስጠኝ» አለኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እዚህ አገር ዶክተር ነው። ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎታል።

«እስቲ ፍታውና ልየው ጋሼ።»

ፈታው። ከቃጠሎው ጎን ያልነካካው አንድ ኪንታሮት ነበረ፣ መሃሉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ያሉት። «አየኸው? ሥሩ ይሄ ነው። ይሄ ካልተነቀለ አይለቅም» አለኝ በርግጠኝነት። ይሄን ነገር ስንቱ ነው የሚለኝ! ነጥቦቹ ሥር አይደሉም። ኪንታሮቱን የሚመግቡት የቀጫጭን ደም ስሮች ጫፍ ነው፣ ውስጣቸው ደም ረግቶ ጠቁሮ ነው እንዲያ የሚታየው። ኪንታሮት ሥር የለውም። የላይኛው ቆዳ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው፣ ወደ ሥጋና ወደ አጥንት አይወርድም። ስለዚህ በምላጭ ጠልቆ የሚቆፍር ሰው የሚያገኘው ደምና ጠባሳ ነው።

ቦርሳው ውስጥ የዊትፊልድ ቅባት ነበር፣ ሌላ ቦታ ሰጥተውት። ዊትፊልድ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለጭርትና ለሌላ ፈንገስ። ውስጡ የደነደነ ቆዳ የሚልጠው ሳሊሲሊክ አሲድ አለው ግን 3 በመቶ ብቻ ነው። ለኪንታሮት በጠብታ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 17 በመቶ አካባቢ ነው፣ ለወፍራም የእግር መርገጫ ኪንታሮት ደግሞ በፕላስተር መልክ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ዊትፊልዱን ዓመት ቢቀባው ለኪንታሮቱ ምንም አይጠቅመውም ነበር።

ያኔ ጠብታውን ሸጬለት መሸኘት እችል ነበር። አንዲት ኪንታሮት እጅ ላይ ያለበት ጤነኛ ሰው ሐኪም ሳያይ በጠብታ ሊሞክር ይችላል፣ ብዙውም የሚድነው እንዲሁ ነው። የሱ ግን ሌላ ነው። የተቃጠለ ቁስል አለው፣ ጥፍር ዙሪያ አለው፣ አዋቂ ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተባዝቶበታል። እንደዚህ ያለው የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። ሌሎችም አሉ፦ ስኳር ያለበትና እግሩ ላይ የወጣበት ሰው (አሲዱ ሳይሰማው ቁስል ያደርግበታል)፣ ፊት ላይ የወጣበት፣ ብልት ላይ የወጣበት። በመስኮቴ በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ለነሱ ይህን ጠብታ አልሸጥም። ያ ክፍል መድኃኒቱም ሌላ ነው፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ የማይሰጥ ነው፣ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛም አብሮ መታየት አለበት። ሌላው ደግሞ እግር መርገጫ ላይ የወጣ፣ የሚሰፋና የሚደማ ጥቁር ነገር ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሲወጣ በአብዛኛው እዚያ ነው የሚወጣው፣ ኪንታሮት ነው ተብሎ ደግሞ ይታለፋል።

ለቁስሉ የሚሆነውን ሰጠሁትና «ቦሩ ሜዳ ሂድ» አልኩት። ዝም አለ። ማታ ባለቤቱ መጣች፣ ተቆጥታ።

«ወንድሜ፣ ምን አጠፋን? ቦሩ ሜዳ ሲገባ ሰው ቢያየው ነገ ከሱ ሥጋ የሚገዛ አለ?»

ይሄን ደሴ ያላደገ ሰው አይገባውም። ቦሩ ሜዳ ከከተማው በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አጼ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ። ሆስፒታሉ ግን በወሎ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምናው ነው። ያ ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። የቆዳ ሕክምና ሙያው ደግሞ እዚያ የዳበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ አበባም ብትሄዱ አለርት ታሪኩ ያው ነው፣ ከሥጋ ደዌ ተነስቶ የአገሪቱ ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆነ። ለባለቤቱ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሥጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በኪኒን የሚድን ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመነችኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ፈለጉ። አንድ የውበት ሳሎን በስልክ «በአንድ ቀን ከነሥሩ እንነቅላለን» አላቸው። የሚሰራው ሰው ሐኪም ነወይ ተብሎ ሲጠየቅ ስልኩ ተዘጋ። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ካርድ አውጥተው፣ ከፍለው፣ ተራ ጠብቀው ከገቡ በኋላ የቆዳ ሐኪሙ የሚመጣው በሌላ ቀን መሆኑ ተነገራቸው። እዚህ ላይ ለሁሉም የሚጠቅም ነገር ልበል። የቆዳ ሐኪም ስትፈልጉ «የቆዳና የአባላዘር ስፔሻሊስት» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሙያው በዚህ ስም ነው ያለው፣ «አባላዘር» የሚለው አያስደንግጣችሁ። ብዙ ስፔሻሊስቶች ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ውለው አመሻሽ ላይ ወይም በተወሰኑ ቀናት በግል ክሊኒክ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ የትኛው ቀን እንደሚገባና ለኪንታሮት ምን እንደሚሰሩ ጠይቁ፣ ኪንታሮቱን በብርድ የሚያጠፋ ማቀዝቀዣ አላቸው፣ በኤሌክትሪክ ያቃጥላሉ፣ ወይስ መድኃኒት ጽፈው ይሸኛሉ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ድረስ የሚመጣ ሰው ይህን ሳያጣራ መነሳት የለበትም።

በመጨረሻ ቦሩ ሜዳ ያስኬዳቸው ገንዘብ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ናቸው። መድህኑ የሚሰራው በቅብብሎሽ ነው፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታያል፣ ከዚያ ሪፈር ይጻፋል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ብዙ ሰው ይቺን ወረቀት ረስቶ ነው የሚያማርረው። ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሄደ። እዚያ ወረፋ ላይ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? «ያኛው ልጅ ይቁረጥልኝ» ያለውን ደንበኛውን! እሱ ደግሞ ለጭርት ነው የመጣው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። እጁን ብርሃን ላይ ይዛ፣ አንዱን በስለት ላዩን ብቻ ስስ አድርጋ ፋቀችው። ጥቃቅን የደም ነጥቦች ብቅ አሉ። ከዚያ የጣት አሻራውን መስመር አሳየችው፤ ጤነኛው ቆዳ ላይ መስመሩ ይሄዳል፣ ኪንታሮቱ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን ዞሮ ያልፋል እንጂ በላዩ አይሻገርም። «መዳንህን የምታውቀው መስመሩ በላዩ ተመልሶ ሲያልፍ ነው» አለችው። ይቺን ነገር እኔም ከሱ ሰምቼ አሁን ለሁሉም ሰው እነግራለሁ።

ቀጥላ ደም እንዲሰጥ ነገረችው፣ ለስኳርና ለኤች አይ ቪ። ፊቱ ተለወጠ። «ለእጅ ኪንታሮት ኤች አይ ቪ ምን አገባው?» አለ። መልሷ አጭር ነበር፦ ኪንታሮትን በመጨረሻ የሚያጠፋው የሰውነት መከላከያ ነው፣ መከላከያው ከደከመ ኪንታሮት ይበዛል፣ መድኃኒትም አይሰማም። አዋቂ ላይ እንዲህ ሲበዛ መጠየቅ ግዴታ ነው አለችው። ሰጠ። ሁለቱም ነጻ ሆኖ ወጣ።

«እንግዲያው ከምን መጣብኝ? ከሥጋው ነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የሥጋ ቆራጮች ኪንታሮት በሕክምና መጽሐፍ ራሱን ችሎ የተጻፈ ነገር ነው። ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤች ፒ ቪ፣ ከ200 በላይ ዓይነት አለው፣ ዓይነቶቹም በቁጥር ይጠራሉ። የእጅ ላይ ኪንታሮት በአብዛኛው 2 እና 4 ነው። ሥጋ ቆራጮች ላይ ግን ሌላው ሰው ላይ እምብዛም የማይገኘው ቁጥር 7 በብዛት ይገኛል። ከከብቱ ግን አይደለም። ከብት የራሱ ኪንታሮት አለው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቁጥር 7 የሰው ቫይረስ ነው። ቀኑን ሙሉ እርጥብና ቀዝቃዛ የሆነ እጅ፣ አጥንት የቧጨረው ቆዳ፣ ተራ በተራ የሚያዝ አንድ ቢላዋና አንድ ፎጣ ናቸው መንገዱን የሚከፍቱለት። ቫይረሱ ስብ ያለው ሽፋን ስለሌለው አልኮል እንደ ሌላው በቀላሉ አይገድለውም፣ ዕቃ ላይም ይቆያል። ደንበኛ ደግሞ ሥጋ በልቶ ኪንታሮት አይይዘውም፣ የሚተላለፈው በቆዳ ንክኪ ነው። ቁስል ያለበት እጅ ግን በሌላ ጀርም ምክንያት ሥጋ መንካት የለበትም፣ ተሸፍኖ ካልሆነ።

ሕክምናው ላይ እሱ የፈለገው በአንድ ቀን መገላገል ነው። ስለ ማቀዝቀዣው ሰምቶ ነበር። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ነገር ነው፣ የግብርና ሰዎች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበት ያው ራሱ። ሐኪሟ ግን ሁለት ነገር አነሳች። አንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት ጥሎ ሊሄድ ይችላል፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለሁልጊዜው። ሁለተኛ ጥፍር ሥር ላይ ጠንከር ተደርጎ ከተሰራ ጥፍሩ ተበላሽቶ ሊያድግ ይችላል። ውጤቱም ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ 240 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት የእግር መርገጫ ኪንታሮትን በማቀዝቀዣና በ50 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ አወዳድሮ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ሁለቱም ጋ ሙሉ በሙሉ የዳነው 14 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ እግር ነው፣ ከእጅ ይልቅ አስቸጋሪው። ግን ርካሹ ሳሊሲሊክ አሲድ ከውዱ ማቀዝቀዣ የማይተናነስ መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ሁለቱን ትልልቆቹን፣ ከጥፍር ራቅ ያሉትን፣ በመርፌ አደንዝዛ በኤሌክትሪክ አቃጠለች (ጭሱ ራሱ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል ሁለቱም ማስክ አድርገው)። ለቀረው ጠብታ ጻፈች፣ 12 ሳምንት፤ እስከዚያ እጁ ቀኑን ሙሉ እርጥብ እንዳይሆን ነገረችው። «12 ሳምንት እጄን ውኃ ሳልነካ ምን ልበላ ነው?» አላት። እሷም ፈገግ ብላ «ሁዳዴ መቼ ነው የሚገባው?» አለችው።

ይሄን ነው የወደድኩላት። 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። እጁ የሚደርቅበት፣ ፕላስተር ተለጥፎ የሚያድርበት፣ ደንበኛ የማያየው ጊዜ ነው። ሌላ ሐኪም ቢሆን «እጅህን አድርቅ» ብሎ ይሸኘው ነበር። ሥጋ ቆራጭን በሐምሌ እንዲህ ብትለው አያደርገውም።

አሠራሩ ይህ ነው፤ እኔ ጋ መጥቶ እያሳየኝ ስለነበር በደንብ አውቀዋለሁ። ማታ ማታ እጁን ለብ ባለ ውኃ አምስት ደቂቃ ይዘፈዝፋል። የሞተውን ነጭ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ይሞርዳል፣ እስኪደማ ሳይሆን። ሞረዱን ሌላ የቤተሰብ ሰው አይነካውም። ዙሪያውን ቫዝሊን ይቀባል፣ አሲዱ ጤነኛውን ቆዳ እንዳይበላው። ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጠብ ያደርጋል፣ ይደርቃል፣ በፕላስተር ይሸፍናል። ካቆሰለው ሁለት ሦስት ቀን ያርፋል።

የመጀመሪያው ወር ምንም አልታየም። «ይሄማ ከባትሪ አሲዱ በምን ተሻለ?» እያለ ያማርረኝ ነበር። ደብረ ዘይት አካባቢ ጠፍጣፋዎቹ መሳሳት ጀመሩ። ሆሳዕና ሲደርስ ቢላዋው በዘራቸው መስመር ላይ ያሉት ጠፉ፣ የጣቱም መስመር በላያቸው ተመልሶ አለፈ። ባንኮኒዬ ላይ እጁን ዘርግቶ በስልኬ መብራት አብረን ነው ያየነው።

በመሃል የልጁ ነገር አለ። የትንሿ ልጁ ጉልበት ላይ አንዲት ነበረች፣ ለሷም ይደረግላት ተባለ። ሐኪሟ ተዉት አለች። ልጆች ላይ ግማሽ ያህሉ በዓመት፣ ሁለት ሦስተኛው በሁለት ዓመት ውስጥ ምንም ሳይደረግለት ይጠፋል። ካላመማት ምን አስቸኮላችሁ አለቻቸው፤ ፎጣና የጥፍር መቁረጫ ብቻ ለዩ። ትልቋ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት የኤች ፒ ቪ ክትባት ወስዳለች፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴት ልጆች የሚሰጠውን። እናቷ «ታዲያ እሷ ኪንታሮት አይዛትም ማለት ነው?» አለችኝ። አይደለም። ያ ክትባት ዋና ዓላማው የማህፀን በር ካንሰር ነው፣ የእጅና የእግሩን ዓይነቶች አይነካም።

ለፋሲካ ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ሁለት ቀርተው ነበር፣ ሁለቱም አውራ ጣቱ ጥፍር ጥግ ላይ። ጥፍር ዙሪያ ያለው ሁሌም የመጨረሻው ነው የሚለቀው። አንዱ ግንቦት ላይ ጠፋ። ሌላው አለ፣ ቀጠሮም አለው። የባትሪ አሲዱ ጠባሳ እንዳለ ነው፣ ጣቱን ሙሉ ሲያጥፍ ይወጥረዋል። ጓንት ልበስ ተብሎ በሁለቱም እጁ ሞክሮ ቢላዋው ስለሚያሟልጨው አሁን ግራው ላይ ብቻ ያደርጋል፣ ከውስጥ ስስ የጥጥ፣ ከላይ የጎማ፣ ጥጡ ሲረጥብ ይቀይራል። ቢላዋና ፎጣውንም ከሌሎቹ ለይቷል፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሮ።

ባለፈው ሳምንት አብሮት የሚሰራውን ልጅ ይዞልኝ መጣ። ልጁ አውራ ጣቱ ላይ ሁለት አውጥቷል። «ጠብታውን ስጠው» አለኝ ሰውዬው እንደ ባለሙያ ሆኖ። አየሁት፣ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ከጥፍር ራቅ ያሉ፣ ልጁም ጤነኛ ነው፣ ሰጠሁት። ሞረዱን ግን ለብቻው ግዛ አልኩት።